የጎንደር ሌሊትና የእንቅልፍ ሳይንስ

አማርኛ ተናጋሪው ሕዝብ ማለዳ ሲገናኝ አስቀድሞ የሚጠያየቀው ስለ ሌሊቱ ነው። «እንዴት አደራችሁ?» ይላል፤ ማታ ሲለያይም «ደኅና እደሩ» ይባባላል። «አደረ» የሚለው ግስ ሌሊትን ከማሳለፍ አልፎ መኖርን፣ ኑሮን መግፋትንም ያመለክታል። ስለዚህም አርሶ የሚኖረው አርሶ አደር፣ ነግዶ የሚኖረው ነግዶ አደር፣ በጉልበቱ የሚኖረው ላብ አደር ተባለ። በቋንቋችን ሥርዐት ሰው ኖረ ለመባል ሌሊቱን በደኅና ማለፍ አለበት ማለት ነው።

ይህን ያህል ከሰላምታችንና ከኑሯችን ጋር የተሳሰረ ነገር በጤና አጠባበቅ ሙያችን ውስጥ የሚገባውን ስፍራ ሳያገኝ ቆይቷል። በሽተኛ ወደ እኛ ሲመጣ ስለ ምግቡ፣ ስለሚጠጣው ውሃ፣ ስለ መጸዳጃው እንጠይቃለን፤ እንቅልፉን ግን የምናነሣው ብዙውን ጊዜ እርሱ ራሱ «እንቅልፍ አጣሁ» ብሎ ሲያማርር ብቻ ነው። በዚህ ጽሑፍ የጎንደር ከተማንና የሰሜን ጎንደርን ደጋ ሌሊት ከታሪክ አንጻር እንመለከታለን። የምንደግፈውም አሳብ ይህ ነው፦ በጎንደር የተጀመረው የጤና አጠባበቅ ትምህርት ሰው የሚተኛበትን ስፍራ በመጠበቅ ብዙ ሕይወት አትርፏል፤ አሁን ደግሞ የሰውን እንቅልፍ ራሱን፣ በተለይም የጤና ሠራተኛውን እንቅልፍ፣ መጠበቅ ይገባዋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

የጥንቱ ሌሊት

ዐፄ ፋሲለደስ በ1636 ጎንደርን መናገሻቸው ካደረጉ ወዲህ ከተማይቱ በቤተ መንግሥት ግንቦቿና በአብያተ ክርስቲያናቷ ስትታወቅ ኖራለች። ሌሊቱን በሰዓት ከፍለው የያዙት አብያተ ክርስቲያናቱ ናቸው። በዐበይት በዓላት ካህናቱና ደብተሮቹ ሌሊቱን በመቋሚያ ተደግፈው፣ በጸናጽልና በከበሮ እየታጀቡ ማኅሌት ይቆማሉ፤ ማኅሌቱ ሲፈጸም ኪዳን፣ ከዚያም ቅዳሴ ይከተላል። በዚህ ሥርዐት እንቅልፍን ድል መንሣት የተጋድሎ አንድ ክፍል ነው። ከዚህም የተነሣ በኅብረተሰባችን ዘንድ የነቃ ሰው ትጉህ፣ እንቅልፍ የሚወድ ሰው ሰነፍ ተብሎ ይታያል። ለመነኮሳትና ለካህናት የተሠራው ሥርዐት ለእነርሱ የራሱ ዓላማ አለው፤ ከእርሱ የወጣው አስተሳሰብ ግን በተማሪው፣ በነጋዴው፣ በሹፌሩና በሐኪሙ ላይ ሁሉ ይሠራል።

የአብነት ትምህርት ቤቱ ሌሊትም ሊታሰብ የሚገባው ነው። የቆሎ ተማሪዎች መጽሐፍ ተዘርግቶ የሚነበበውን በቀን ሲያጠኑ፣ የቃል ትምህርቱን ብርሃን ሳያሻቸው በሌሊት ይቀጽላሉ። መምህሩ የነገሩትን ደጋግመው በቃላቸው ይዘው ይተኛሉ፤ ቆይተውም ከመምህሩ ፊት ቀርበው ይመልሳሉ። በ1924 በአሜሪካ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጄንኪንስና ዳለንባክ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ሊቃውንት ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ነገር በሙከራ አሳይተዋል። ለሁለት ተማሪዎች ትርጉም የሌላቸው የቃል ቁራጮች በቃል እንዲያጠኑ ሰጥተው ሲፈትኗቸው፣ አጥንተው በተኙ ጊዜ ያስታወሱት፣ አጥንተው ነቅተው ከቆዩበት ጊዜ በልጦ ተገኘ። የሌሊቱ ቅጸላ ፍሬ የሚያፈራው እንግዲህ ከኋላው እንቅልፍ ሲከተለው ነው። ይህ ነጥብ ለፈተና ሌሊቱን ሙሉ ለሚያነጋው ለዛሬው ተማሪም ትምህርት ይሆናል።

የሰዓት አቆጣጠራችንም የእንቅልፍን ጉዳይ የሚነካ ነው። የእኛ ቀን ከንጋት ይነሣል፤ ፀሐይ ከወጣች አንድ ሰዓት ሲሞላ አንድ ሰዓት እንላለን። ጎንደር ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 12 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ገደማ ላይ ስለምትገኝ በዓመቱ ውስጥ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ነው። በሰሜን አውሮጳ የበጋው ሌሊት ጥቂት ሰዓት ብቻ ሆኖ የክረምቱ ሌሊት የቀኑን እጥፍ ሲረዝም፣ የጎንደር ገበሬ ግን ዓመቱን ሙሉ የማይዛነፍ የብርሃንና የጨለማ ሥርዐት አለው። የሰውነት ውስጣዊ ሰዓት በየቀኑ የሚታረመው በብርሃን መሆኑ ዛሬ የተረጋገጠ ስለሆነ፣ ሰዓታችንን ከንጋት የሚያስነሣው የአባቶቻችን አቆጣጠር ከተፈጥሮው ሰዓት ጋር የተስማማ ነበር ለማለት ይቻላል።

የደጋው መኝታ ግን በሌላ በኩል ችግር ነበረበት። በብርዱ ምክንያት ጎጆው መስኮት አልባ ወይም ጠባብ መስኮት ያለው ነው። እሳቱ በመካከል ይነድዳል፤ ጢሱ በሣሩ ክዳን በኩል ቀስ እያለ ይወጣል። በብዙ ቤት ከብቶቹ ከሰው ጋር ከአንድ ጣራ ሥር ያድራሉ፤ ሙቀታቸውም ለቤተ ሰቡ ይተርፋል። ቤተ ሰቡ በመደብ ወይም በጠፍር አልጋ ላይ ቁርበት አንጥፎ፣ ደበሎና ጋቢ ደርቦ፣ ልጆቹ በአንድ ልብስ ሥር ተጠጋግተው ይተኛሉ። ይህ አኗኗር ከውርጭ ያድናል፤ ነገር ግን ለቅማል፣ ለቁንጫና ለትኋን የተመቸ ነው። በቅማል የሚተላለፉት ተስቦና ግርሻ በደጋው በክረምትና በችግር ዘመን የሚበረቱት ሰዎች ተፋፍገው በሚያድሩበት ጊዜ ስለሆነ፣ የደጋው መኝታ የደጋው ሕመም መተላለፊያም ነበር።

ከሌሊቱ ጋር የሚያያዘው ሌላው ነገር ቡና ነው። በደጋው ክርስቲያን ዘንድ ቡና መጠጣት እስከ 19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ ድረስ የተነወረ ነበር፤ እየተለመደ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ ግን አቦል፣ ቶናና በረካ የየቤቱ ሥርዐት ሆኗል። በቡናው ውስጥ ያለው ካፌይን እንዴት እንቅልፍን እንደሚያዘገይ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

1953፦ ሁለት የማይተዋወቁ ሥራዎች

በ1953 በዓለም ሁለት ማዕዘን፣ እርስ በርሳቸው ምንም የማይተዋወቁ፣ ለጉዳያችን ግን እጅግ የሚጠቅሙ ሁለት ነገሮች ሆኑ።

የመጀመሪያው በአሜሪካ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ነው። ናትናኤል ክላይትማን እንቅልፍን የምርምሩ ዋና ሥራ ካደረጉት ሳይንቲስቶች ቀዳሚው ነበር፤ በ1938 ከአንድ ተማሪው ጋር በኬንታኪ ግዛት በሚገኝ ዋሻ ውስጥ ፀሐይ ሳያይ 32 ቀን ተቀምጦ፣ ሰውነቱ የ28 ሰዓት ቀን መልመድ ይችል እንደሆነ ፈትኗል። ከእርሱ ዘንድ ይማር የነበረው ዩጂን አሰሪንስኪ የተኙ ሰዎችን ዐይን በመሣሪያ ሲከታተል፣ በሌሊቱ ውስጥ በየጊዜው ዐይን ከሽፋኑ ሥር በፍጥነት የሚንቀሳቀስበት ክፍል መኖሩን አገኘ። በዚያ ሰዓት የተቀሰቀሱት ሰዎች አብዛኞቹ ሕልም እያዩ እንደ ነበረ ተናገሩ። ግኝቱ በ1953 ታተመ። እስከዚያ ድረስ እንቅልፍ የአንጎል ሥራ ማቆሚያ ተደርጎ ይታሰብ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን የራሱ ደረጃዎችና የራሱ ተግባር ያለው ሥራ መሆኑ ታወቀ።

ሁለተኛው በጎንደር አጠገብ፣ ከጣና ሐይቅ በስተ ሰሜን በተዘረጋው በደምቢያ ሜዳ የደረሰው ነው። በዚያው ዓመት የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ 7,000 የሚሆኑ ሰዎች እንደ ሞቱ ተገምቷል። ደምቢያ ለም አገር ናት፤ ሕመሙ የገባው ጤፉና ማሽላው በሚሰበሰብበት አገር ነው። ገበሬው በሰብል ጊዜ አዝመራውን ከአውሬና ከወፍ ለመጠበቅ በማማ ላይ፣ በዳስ ውስጥ ወይም በአውድማ ዳር ያድራል። የወባ ትንኝ ደግሞ የሌሊት ነካሽ ናት፤ የምትፈልገውም ጸጥ ብሎ የተኛን ሰው ነው።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1954፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ከዓለም የጤና ድርጅት፣ ከተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅትና ከአሜሪካ መንግሥት በተገኘ ርዳታ የጎንደርን የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል አቋቋመ። ኮሌጁ የጤና መኰንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና አጠባበቅ ሠራተኞችን በአንድነት አሠልጥኖ፣ በቡድን ወደ ገጠር እንዲሰማሩ ማድረግ ጀመረ። የብዙዎቻችን ሙያ የትውልድ ቤት እርሱ ነው። ስለዚህ የዘመናዊው የእንቅልፍ ሳይንስና የጎንደር የጤና አጠባበቅ ትምህርት እኩዮች ናቸው፤ የተነሡትም በአንድ ዓመት ልዩነት ነው። ይሁን እንጂ ለረጅም ጊዜ ሳይገናኙ ኖረዋል።

የመኝታው ስፍራ

ከጎንደር የወጡት የጤና ቡድኖች የሠሩት ሥራ በቅርብ ሲመረመር፣ አብዛኛው ሰው የሚያድርበትን ስፍራ የሚመለከት ሆኖ ይገኛል። በ1950ዎቹ አጋማሽ በደምቢያ በሙከራ የተጀመረው የወባ መቆጣጠር ሥራ መሠረቱ ዲ.ዲ.ቲ.ን በቤት ግድግዳ ላይ መርጨት ነበር። አሠራሩም እንዲህ ነው፦ ትንኟ የተኛውን ሰው ነክሳ ከጠገበች በኋላ ክብደቷን ይዛ በአቅራቢያዋ ባለው ግድግዳ ላይ ታርፋለች፤ መድኃኒቱ እዚያ ይጠብቃታል። በ1958 በአገሪቱ ሰፊ የደጋና የወይና ደጋ ክፍል የተነሣው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ሰዎችን እንዳሳመመና 150,000 ያህሉን እንደ ገደለ ከተገመተ በኋላ፣ በ1959 የወባ ማጥፊያ አገልግሎት ተቋቁሞ ርጭቱ በአገር ደረጃ ተስፋፋ። ከ2005 ወዲህ ደግሞ በመድኃኒት የተነከረ አጎበር በሚሊዮን በሚቆጠር ቁጥር ለሕዝቡ ታደለ። አጎበር በእውነቱ የእንቅልፍ ልብስ ነው፤ የሚጠቅመውም ሰው ከሥሩ ገብቶ በተኛበት ሰዓት ብቻ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር መታሰብ አለበት። በአገራችን ልዩ ልዩ ስፍራዎች የተደረጉ ጥናቶች ዋናዋ የወባ አስተላላፊ ትንኝ ከምሽቱ መጀመሪያ፣ ሰው ገና ሳይተኛ፣ መንከስ እንደምትጀምር አሳይተዋል። ስለዚህ ቤተ ሰቡ በስንት ሰዓት እንደሚተኛ፣ ማን ከማን ቀድሞ እንደሚተኛ፣ እናት እራት አዘጋጅታ ዕቃ አጥባ በስንት ሰዓት ጋደም እንደምትል ማወቅ የወባ ጥያቄ ነው። አጎበሩ ተሰቅሏል ወይ ብለን እንቆጥራለን፤ ቤተ ሰቡ መቼ ከሥሩ እንደሚገባ ግን ከአጎበሩ ቁጥር ጋር አብሮ ሊጻፍ ይገባል።

ካላዛርም ይህንኑ ያስተምረናል። ከደጋው ወደ መተማና ወደ ሑመራ ለአረምና ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ በሜዳ ላይ፣ ብዙ ጊዜም በግራር ዛፍ ሥር ያድራል። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትኖረው በጥቁሩ አፈር ስንጥቅና በግራሩ አካባቢ ስለሆነ፣ በሌሊት ወጥታ የደከመውን ሠራተኛ ትነክሰዋለች። በ2005 በሊቦ ከምከም የተነሣው የካላዛር ወረርሽኝ ሲጠናም፣ በግራር ሥር መተኛት ሰውን ለሕመሙ ከሚያጋልጡት ነገሮች አንዱ ሆኖ ተገኝቷል። በጎንደር ሆስፒታል የካላዛር ክፍል የተኛው ወጣት የታመመው በሠራበት ሰዓት ሳይሆን ባረፈበት ሰዓት ነው። ቀጣሪው ለሠራተኛው ውሃና እንጀራ ማቅረብ ግዴታው እንደሆነ ሁሉ፣ የሚያድርበትን ስፍራ ማዘጋጀትም ግዴታው መሆን ይገባዋል።

የተኛው አካል ሥራ

የእንቅልፍ ሳይንስ በበኩሉ ከ1953 ወዲህ ብዙ ርቀት ተጉዟል። በአጭሩ ለማስታወስ፣ የጤነኛ ሰው ሌሊት ከ90 ደቂቃ ገደማ በሚዞሩ ዑደቶች የተከፈለ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዑደቶች ጥልቁ እንቅልፍ ይበዛል፤ ወደ ንጋት ሲቀርብ ደግሞ ሕልም የሚበዛበት፣ ዐይን በፍጥነት የሚንቀሳቀስበት ክፍል እየረዘመ ይሄዳል። በዚህ ክፍል አንጎል ነቅቶ እንደሚሠራ ሁሉ ይሠራል፤ የሰውነት ጡንቻ ግን ሕልሙን በተግባር እንዳይፈጽም ይዝላል። አንዳንድ ጊዜ ሰው ከዚህ ክፍል በድንገት ሲነቃ አእምሮው ቀድሞ ይነቃና ጡንቻው ይዘገይበታል፤ መናገር ያቅተዋል፣ ደረቱ ላይ ከባድ ነገር የተጫነው ይመስለዋል። ሕዝባችን «ዱካክ ተጫነኝ» የሚለው ይህን ነው። በዱካክ የተሸበረ ወጣት ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጣ፣ የደረሰበት ነገር የታወቀና አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የሌለው መሆኑን፣ እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት እንደሚያባብሱት ብናስረዳው ከብዙ እንግልት እናድነዋለን።

በ1982 አሌክሳንደር ቦርቤሊ የተባለው የስዊስ ተመራማሪ እንቅልፍ በሁለት ኀይሎች እንደሚመራ አስረዳ። አንደኛው ነቅተን በቆየን ቁጥር የሚከማች የእንቅልፍ ዕዳ ነው፤ ሁለተኛው በብርሃን የሚታረመው የሰውነት ሰዓት ነው። ዕዳው የሚከማችበት አንዱ መንገድ በአንጎል ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር መብዛቱ ነው። ካፌይን የአዴኖሲንን መቀበያ ስፍራ ቀድሞ ይይዛል፤ ዕዳውን አይከፍልም፤ ዕዳው እንዳይሰማን ብቻ ያደርጋል። በ2013 የታተመ ጥናት ከመኝታ በፊት 6 ሰዓት ቀደም ብሎ የተወሰደ 400 ሚሊግራም ካፌይን የሌሊቱን እንቅልፍ ከአንድ ሰዓት በላይ እንዳሳጠረ አሳይቷል። የማታ ቡና የጉርብትና ማጽኛ ስለሆነ ተዉት ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን እንቅልፍ አጣሁ ለሚል ሰው የእንቅልፍ ኪኒን ከመጻፍ በፊት ቡናው በስንት ሰዓት እንደሚፈላ መጠየቅ ይቀድማል።

እንቅልፍ የሚነካቸው የሰውነት ክፍሎች ብዙ ናቸው። በ1999 በቺካጎ 11 ጤነኛ ወጣቶች ለስድስት ሌሊት በየቀኑ 4 ሰዓት ብቻ እንዲተኙ ሲደረግ፣ ሰውነታቸው ስኳርን የመጠቀም ችሎታው በግልጽ ቀነሰ። በ2002 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ እንቅልፋቸው ተቀንሶ የጉንፋን ክትባት የተሰጣቸው ወጣቶች ከ10 ቀን በኋላ ያበጁት የመከላከያ አካል፣ እንደ ልማዳቸው ከተኙት ከግማሽ ያነሰ እንደ ነበረ ገለጸ። በክትባት ዘመቻ ለተሰማራ ባልደረባ ይህ ቁጥር ትርጉም አለው። በ2015 የአሜሪካ የእንቅልፍ ሐኪሞች ማኅበራት የምርምሩን ጠቅላላ ውጤት መርምረው፣ ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 7 ሰዓት እንቅልፍ እንደሚያስፈልግ ወሰኑ።

እኛም ከዚህ ምርምር ሙሉ በሙሉ ርቀን አልኖርንም። በ2012 የታተመ በጎንደርና በሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ተማሪዎች እንቅልፋቸው ጥራት የጎደለው መሆኑን አመልክቷል። ከዚያም ወዲህ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ስለ ነፍሰ ጡሮችና ስለ ስኳር ሕሙማን እንቅልፍ ልዩ ልዩ ጥናቶች ታትመዋል። የሚቀረው ውጤቱን ከመጽሔቱ ገጽ ወደ ምርመራ ክፍሉ ማምጣት ነው።

የስሜን ደጋ የሚያስተምረው

የስሜን ተራሮች ለእንቅልፍ ሳይንስ ልዩ ስፍራ ናቸው። ከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳል፤ ከቆላ የመጣ እንግዳ በከፍታ ሲያድር አተነፋፈሱ ጥቂት እየበረታ፣ ጥቂት እየተቋረጠ ይመላለሳል፤ ደጋግሞም ይባንናል። ይህን ዐይነት አተነፋፈስ ጣሊያናዊው አንጄሎ ሞሶ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በአልፕስ ተራሮች ላይ ተመልክቶ ጽፎታል። በዚያው የተወለደ የስሜን ሰው ግን በውርጩ ሌሊት ተኝቶ በማለዳው ገብስ ለማረስ ይወጣል።

ምሥጢሩን ለማወቅ በ1960ዎቹ በጂ. ኤ. ሃሪሰን የሚመሩ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላትን ደባርቅንና 1,500 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘውን አዲ አርቃይን አነጻጽረው አጠኑ፤ ውጤቱ በ1969 ታተመ። ከዚያም በ2002 ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በስሜን ተራሮች በአምባራስ አካባቢ፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው ያልተጠበቀ ነገር አገኙ። የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ግራም በዴሲሊትር ነበር፤ ደማቸው የያዘው የኦክሲጅን መጠንም በአማካይ 95.3 ከመቶ ሆኖ ተገኘ። ይህ በባሕር ወለል አጠገብ ከሚኖር ሰው እጅግም የማይርቅ ነው። የአንዲስ ደገኞች ደማቸውን በማወፈር ከፍታን ሲቋቋሙ፣ የቲቤት ሰዎች ደግሞ በዝቅተኛ የኦክሲጅን መጠን ሲኖሩ፣ የስሜን ሰዎች በሦስተኛ መንገድ እንደሚሄዱ ታወቀ።

ከዚህም የሚያስደንቀው ከ11 ዓመት በኋላ መጣ። በ2013 የአምስት የኢትዮጵያ ሕዝቦችን የዘር ቅንጣት ያነጻጸረ ጥናት በደገኞቹ ዘንድ ተፈጥሮ አጥብቃ የመረጠችው ጂን ቢ-ኤች-ኤል-ኤች-ኢ 41፣ በሌላ ስሙ ዴክ 2፣ የሚባለው መሆኑን ገለጸ። ይህ ጂን ሁለት ሥራ አለው፤ ሰውነት ለኦክሲጅን ማነስ የሚሰጠውን መልስ ያስተካክላል፣ በሰውነት ሰዓት አሠራርም ውስጥ ይገባል። በ2009 ደግሞ በአሜሪካ ዪንግ ሁዊ ፉና ባልደረቦቿ በአንድ ቤተ ሰብ ውስጥ የዚሁ ጂን አንዲት ለውጥ ያላቸው ሰዎች በቀን 6 ሰዓት ገደማ ብቻ ተኝተው ጤነኞች ሆነው እንደሚኖሩ አግኝተው ነበር። ይህን ሰምቶ የእኛ ደገኛ በተፈጥሮው ጥቂት እንቅልፍ ይበቃዋል ብሎ መደምደም ስሕተት ነው፤ በዚያ ቤተ ሰብ የተገኘችው ለውጥ አንድ ልዩ ለውጥ ናትና፣ የደገኞቹ ጥናት የሚናገረው ስለ ጂኑ አካባቢ በጠቅላላው ነው። ትምህርቱ ሌላ ነው፦ መተንፈስና መተኛት፣ አየርና ሰዓት በሰው አካል ውስጥ በአንድ ቋጠሮ የታሰሩ መሆናቸውን ከነገሩን መካከል የእኛ አገር ሕዝቦች ይገኛሉ።

ይኸው ደጋ በቅርቡ ሌላ ሌሊት አሳልፏል። በ2021 ጦርነቱ ወደ ሰሜን ጎንደር በደረሰ ጊዜ ከቤታቸው የወጡ ሰዎች በደባርቅና በዳባት በትምህርት ቤቶችና በመጠለያዎች አደሩ። በሥጋት ውስጥ የሚያድር ሰው እንቅልፉ ስስ ነው፤ ልጆቹም ከእርሱ ጋር ይባንናሉ። ከመከራ በኋላ እንቅልፍ ማጣትና ቅዠት ሲቆይ የአእምሮ ቁስል ምልክት መሆኑ ስለሚታወቅ፣ ለተፈናቃይ እህልና ብርድ ልብስ ስንሰጥ እንዴት እንዳደረ ከልብ መጠየቅም ከሕክምናው ይቆጠራል።

የአዳር ተረኛው

በመጨረሻ ወደ ራሳችን እንመለስ። ሕዝቡ ተኝቶ እንዲያድር የሚያነጋው ሰው አለ፤ የአዳር ተረኛዋ ነርስ፣ አዋላጅዋ፣ ሐኪሙ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያው። ምጥ ሰዓት አይመርጥምና ይህ ሥራ የግድ ነው። ነገር ግን ዋጋ እንዳለው ማወቅ ይገባል። በ1997 ዶውሰንና ሪድ የተባሉ ተመራማሪዎች 17 ሰዓት ነቅቶ የቆየ ሰው የሥራ ቅልጥፍና በደሙ ውስጥ 0.05 ከመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚተካከል አሳዩ። ከንጋቱ 12 ሰዓት የተነሣ ሰው 17 ሰዓት የሚሞላው ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ነው፤ የአዳሩ ሥራ ግን ገና መጀመሩ ነው። በ2004 በቦስተን በተደረገ ጥናትም ጀማሪ ሐኪሞች በተራዘመው የቀድሞ የተረኝነት ሥርዐት ሲሠሩ የፈጸሟቸው ከባድ ስሕተቶች፣ በተቀነሰው ሰዓት ሲሠሩ ከፈጸሟቸው በመቶ 36 ገደማ በልጠው ተገኙ። በ2007 ደግሞ የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት ለረጅም ዘመን በሌሊት ተራ መሥራት ካንሰር ሊያመጣ እንደሚችል ገልጾ፣ በ2019 እንደገና መርምሮ አጽንቶታል።

የእኛ ሙያ ደግሞ እንቅልፍን ድል መንሣትን ከሚያከብር ኅብረተሰብ የወጣ ነው። ሁለት ቀን ሳይተኛ የሠራ ባልደረባ ይመሰገናል፤ ደከመኝ ያለው ይታዘንበታል። ካህኑ በማኅሌቱ ሌሊት ቢያንቀላፋ ጉዳቱ የራሱ ነው፤ ተረኛው ግን ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት፣ የሰው ንቃት ከሁሉ ዝቅ በሚልበት ጊዜ፣ የመድኃኒት ነጥብ አሳስቶ ቢያነብ የሚጎዳው በአልጋው ላይ ያለው በሽተኛ ነው። ስለዚህ የተረኛው ዕረፍት የበሽተኛው መብት እንጂ የሠራተኛው ቅምጥልነት ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

ለማኅበራችን አባላት የምናቀርበው አሳብም ከዚሁ የሚከተል ነው። አንደኛ፣ በየካርዱ ላይ በሽተኛው በስንት ሰዓት ተኝቶ በስንት ሰዓት እንደሚነሣ፣ የትና ከማን ጋር እንደሚያድር፣ ሲነሣ ያረፈ መሆኑ ቢጻፍ ወጪው አንድ መስመር ቀለም ነው። ሁለተኛ፣ ከ1996 ጀምሮ በዳባት ወረዳ የሕዝቡን ልደትና ሞት የሚመዘግበው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምርምር ማዕከል ደጋንም ቆላንም የሚያካትት ስለሆነ፣ ለከፍታና ለእንቅልፍ ጥናት ከእርሱ የተሻለ ስፍራ በአፍሪካ በቀላሉ አይገኝም፤ ወጣት ባልደረቦቻችን ይጠቀሙበት። ሦስተኛ፣ በየሆስፒታሉና በየጤና ጣቢያው ተረኛ ጥቂት ጋደም የሚልበት ንጹሕ ክፍል ይኑር፤ ተራው ሲወጣ አዳር ከአዳር በላይ እንዳይደረብ፣ ርክክቡም በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ እንዲሆን በደንብ ይወሰን። ይህ አዲስ በጀት ከመጠየቁ በፊት አዲስ አስተያየት የሚጠይቅ ነው።

ከ1954 ጀምሮ ከጎንደር የወጡት ቡድኖች ደምቢያ ወርደው በየጎጆው ገብተው ሰው የሚተኛበትን ግድግዳ በመድኃኒት ቀቡ፤ ልብሱን ከቅማል አጸዱ፤ አልጋውን በአጎበር ከለሉ። በዚያ ሥራ የዳነው ሕዝብ ልጆች ዛሬ በሙያችን ውስጥ አሉ። ማለዳ የአዳር ተረኛውን ስንቀይር «እንዴት አደርክ?» «እንዴት አደርሽ?» ብለን መጠየቃችን አይቀርም፤ መልሱን ቆመን ብንሰማና በመዝገባችን ብናሰፍረው፣ የቀደሙት ባልደረቦቻችን የጀመሩትን ሥራ አንድ እርምጃ ወደ ፊት አራመድነው ማለት ነው።